ክፍለ ጦር ወይስ ብርጌድ? ለወጣት መኮንኖች

ሰሞኑን አንድ ወጣት መኮንን «ለጦር የሚበጀው የቱ ነው? ክፍለ ጦር ወይስ ብርጌድ?» ብሎ ጠየቀኝ። ብርጌድ ጥቂት ሻለቃ ጦሮችን የያዘ ክፍል ነው፤ ክፍለ ጦር ደግሞ ከሱ የሚበልጥ፣ ብዙውን ጊዜ ብርጌዶችን በሥሩ የሚያዝ ነው። ጥያቄው አንድ የልምምድ ሌሊት አስታወሰኝ።

ያኔ አዲስ አደረጃጀት ወርዶልን ነበር። የብርጌዳችን የትራንስፖርት ክፍል ተነስቶ በቀጥታ ለክፍለ ጦሩ ተጠሪ ሆነ። ወረቀት ላይ ያምራል፤ መኪናው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጥገናውም ይቀላል። እኩለ ሌሊት ላይ ሻለቃ ጦራችን እንዲንቀሳቀስ ታዘዘ። መኪኖቹ ፊት ለፊታችን ተደርድረዋል፣ ሾፌሮቹም ጋቢና ውስጥ ናቸው። ዝናቡ ያወርደዋል። ወታደሩ የጥይት ሳጥኑን በሸራ ሸፍኖ እሱ ይበሰብሳል። የመኪኖቹ ኃላፊ «ከክፍለ ጦር ትዕዛዝ ካልመጣልኝ ንቅንቅ አልልም» አለ። እውነቱን ነው፤ አለቃው ተቀይሯል። የሬዲዮ ሠራተኛችን ክፍለ ጦሩን ሲጠራ አደረ። ዘመቻ መምሪያው «በሎጂስቲክስ በኩል ይምጣ» ይላል። ሎጂስቲክስ ደግሞ «መጀመሪያ ዘመቻ ይፍቀድ» ይላል። እንዲህ እንዳለን ነጋ።

ድሮ ይህን ጉዳይ በአንድ ጥሪ የሚጨርስ አንጋፋ የበታች ሹም ነበረን። የትኛው መኪና ዳገት ላይ እንደሚለግም፣ የትኛው ሻምበል ዕቃው እንደሚበዛ አብጠርጥሮ ያውቃል። በአዲሱ መዋቅር የሥራ መደቡ ታጠፈ። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረችው ማሻሻያ አብዛኞቹን ክፍለ ጦሮች አፍርሳ ወደ ብርጌድ ዞረች። በ2013 ግን ታማንስካያና ካንቴሚሮቭስካያ የተባሉትን ክፍለ ጦሮች መልሳ አቋቋመች። አሜሪካም በ1950ዎቹ መጨረሻ የኑክሌር ጦርነትን አስባ ክፍለ ጦሯን በአምስት የውጊያ ቡድኖች አዋቀረች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተወችው። ስለዚህ አንዱን መርጦ «ይሄ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ስለ ዕዝ ሰንሰለት አልደግምላችሁም፣ ተምራችሁታል። የዛሬ ልጆች ግን ኮምፒውተር ላይ የመዋቅር ሥዕሉን ሳጥን ማዘዋወር ትወዳላችሁ። ፍጥነታችሁ ያስደስተኛል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰው ሄዶ ማናገር ላይ ግን ትሰንፋላችሁ።

መዋቅር አይነካ ማለቴም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ኢራን ውስጥ የተያዙ ታጋቾቿን ለማስለቀቅ ያደረገችው ሙከራ ከሽፎ 8 ወታደሮቿ ሞቱ። የተለያዩ የጦር ክፍሎች ተቀናጅተው መሥራት አለመቻላቸው ጎልቶ ታየ። በ1986 የወጣው የጎልድዋተር ኒኮልስ ሕግ የውጊያ ትዕዛዝ ከፕሬዚዳንቱና ከመከላከያ ሚኒስትሩ በቀጥታ ውጊያውን ወደሚመራው የዕዝ አዛዥ እንዲሄድ አደረገ። የምድር፣ የባሕርና የአየር ኃይል አለቆች ድርሻ ማሠልጠንና ማስታጠቅ ሆነ። ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚያቀርብ ቁልጭ ብሎ ተለየ። ያን ሌሊት ያጣነው ይህንኑ ነበር።

አዲስ መዋቅር ረቂቅ ሲደርሳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት በሌሊት ሞክሩት። አንድ ሻምበል በሬዲዮ አምስት መኪና ይጠይቅ። ጥያቄው ስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር፣ «የኔ አይደለም» የሚለውስ ማን እንደሆነ መዝግቡ። መዝገቡን ይዛችሁ ወደ ረቂቁ ተመለሱ።