ሚክሰሩ አንድ፣ ሰልጣኙ ሃያ አራት

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መድረክ ድምጽ ሥልጠናና ምዘና ናቸው። የላኩልኝ አሰልጣኞች፣ ሰልጣኞች፣ መዛኞችና ሠርግ ላይ ገመድ የሚጎትቱ ልጆች ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ነኝ። ያለን ሚክሰር (የማይኮችንና የመሣሪያዎችን ድምጽ የሚያቀላቅለው ዕቃ) ባለ 16 ቻናል፣ አንድ ብቻ ነው። ሰልጣኞቹ 24 ናቸው። አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ስልክ ይነካካሉ። ሌላ የሚገዛልን የለም። ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሌላ ሚክሰር ቢገዛልዎትም 22ቱ ስልክ መነካካታቸውን አይተዉም። የድምጽ ሰው ሥራ አብዛኛው ሚክሰሩ ጋ አይደለም ያለው። ማይክ ማስቀመጥ፣ ገመድ መዘርጋት፣ የተበላሸውን መለየት፣ አዳራሹን ዞሮ ማዳመጥ፣ ከዘፋኙ ጋር መግባባት፣ ይህ ሁሉ ሚክሰር አይፈልግም።

በአራት ቡድን ይክፈሏቸው። አንዱ ቡድን መድረክ ላይ ማይክና ሞኒተር (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር) ያስቀምጥ። ሁለተኛው ገመድ ላይ ይሥራ፤ የኤክስኤልአሩን (የማይክ ገመዱን ባለ ሦስት እግር መሰኪያ) እግሮች በመልቲሜትር ይፈትሽ (1 መሬት ነው፣ 2 እና 3 ሲግናል)፣ የተበጠሰውን ይበይድ፣ ገመዱን ሳይጠማዘዝ መጠቅለል ይልመድ። ሦስተኛው ሚክሰሩ ጋ ይቀመጥ። አራተኛው አዳራሹ ውስጥ ተበትኖ የሚሰማውን ወረቀት ላይ ይጻፍ። «የኋላው ጥግ ላይ ቤዝ ብቻ ነው»፣ «የዘፋኟ ቃል አይለይም»፣ ይኸው ነው። ከዚያ ይዟዟሩ። እኔን ከጠየቁኝ ብዙ የሚማረው አራተኛው ቡድን ነው። ሚክሰሩ ጋ የተቀመጠው ልጅ በጣቱ ተጠምዶ ጆሮውን ይረሳዋል።

ስልካቸውን አይንጠቁ፣ ያሠሩበት። የተፈለገውን ፍሪኩዌንሲ (በኸርዝ የሚለካውን የድምጽ ቅጥነትና ውፍረት) የሚያጫውቱ ነጻ አፖች ሞልተዋል። አንዱ 250 ኸርዝ፣ 1,000፣ 4,000 እያለ ያጫውት፣ ሌሎቹ ይገምቱ። በየጠዋቱ አስር ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ሁሉም ይስቃል፤ ቆይቶ ውድድር ይሆናል።

ሚክሰራችሁ ዲጂታል ከሆነ ደግሞ አንድ የሙዚቃ ባንድ ለምናችሁ በየቻናሉ ቅዱ። ለምሳሌ ቤሪንገር ኤክስ 32 በዩኤስቢ 32 ትራክ ወደ ኮምፒውተር ይልካል፣ ያንኑ መልሶም ያስገባል። ባንዱ ቤቱ ተኝቶ እያለ ሰልጣኙ የባንዱን ድምጽ ይሚክሳል። ቢያበላሽ የሚቆጣ ዘፋኝ የለም። ለዚሁ ሚክሰር የተሠራው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራምም ሚክሰሩ ሳይኖር ይከፈታል። ድምጽ አያወጣም፤ ግን ምን የት እንዳለ ጣት ይለምዳል።

ጥያቄ፦ የምዘናውን ጽሑፍ አለፍኩ፤ ተግባሩ ላይ ግን ገና ብቁ አይደለህም ተባልኩ። ዘፋኙ ማይክ ይዞ ሲወጣ ፊድባክ (ማይኩ የስፒከሩን ድምጽ መልሶ ሲሰማ የሚወጣው ጩኸት) ጮኸ፣ እኔም ደነገጥኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ መነካካት ጀመርኩ። ደግሜ ስቀርብ ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፊድባኩ አይመስለኝም የጣለህ። ያገኘኸውን ሁሉ መነካካትህ ነው።

ሲጮህ መጀመሪያ መጨረሻ ላይ ከፍ ያደረግከውን መልሰህ ዝቅ አድርግ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው። ካልሆነ ጩኸቱ ከሞኒተር ነው ወይስ ከዋናው ስፒከር የሚለውን ለይ። በዚህ ጊዜ ከእጅህ በፊት ጆሮህ ነው የሚሠራው። ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ከሆነ 250 ኸርዝ አካባቢ ፈልገው። ፉጨት ከሆነ 2,000 እና ከዚያ በላይ ነው። ስታገኘው በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምጾችን ለየብቻ በሚያስተካክለው ክፍል) ጠበብ አድርገህ ሦስት፣ ቢበዛ ስድስት ዴሲቤል ቀንስ። አስራ ሁለት ከቀነስክ ፊድባኩ ዝም ይላል፣ ዘፋኙም አብሮ ዝም ይላል።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መድረኩን እይ። ኤስኤም 58 ማይክ በጣም የማይሰማው ቀጥታ ከጀርባው ነው፤ ስለዚህ ሞኒተሩ ከማይኩ ጭራ ትይዩ ይቀመጣል። ቤታ 58 ግን ከቀጥታ ጀርባው ትንሽ ይሰማል፤ የማይሰማበት 120 ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ ጎን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰልጣኝ ኢኪው ሲያሽከረክር ይውላል። ዘፋኙ የማይኩን ወንፊት በመዳፉ ከሸፈነው ደግሞ ማይኩ በሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል። ያን ጊዜ መፍትሔው ሚክሰሩ ላይ ሳይሆን ዘፋኙ ጋ ነው። በትህትና «እጅዎን ትንሽ ዝቅ» ማለት የሙያው አካል ነው። ማንም የማይጠቀምበትን ማይክም ዝጋ። የተከፈተ ማይክ ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ከመጮሁ በፊት ያለህ ቦታ በሦስት ዴሲቤል ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ስትመዘን አፍህን ክፈት። «ሞኒተር ሁለት ላይ ነው፣ እየቀነስኩ ነው» በል። መዛኙ ሐሳብህን አያይም። ዝም ብሎ ትክክል የሠራና በዕድል የተሳካለት ለእሱ አንድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ ይሻላል ወይስ ልምዱ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሠርግና ክለብ የሚቀጥርህ ሰው ከማን ጋር እንደሠራህ ይጠይቅሃል። መሥሪያ ቤት የሚቀጥርህ ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱን) አምጣ ይልሃል። ሁለቱም በር ላይ መቆም ከፈለግክ ሁለቱንም ያዝ።

ጥያቄ፦ መዛኝ ነኝ። የሚያስቸግረኝ ጣዕም ነው። ለእኔ ግሩም የሆነ ሚክስ አጠገቤ ላለው መዛኝ ቤዙ የበዛ ነው። ሰልጣኙን በማን ጆሮ ልመዝነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በማንም ጆሮ አይመዝኑት። የሚታይና የሚቆጠር ነገር ላይ ያተኩሩ። ጣዕም በሥራ ዓመታት ይመጣል።

መነሻው ቀላል ነው። ሲከፍት ሚክሰሩን ቀድሞ አምፑን (ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠውን) መጨረሻ፣ ሲዘጋ አምፑን ቀድሞ ነው ያደረገው? ጌይኑን (የሚገባውን ድምጽ መጠን) ሳያስተካክል ፌደር (የሚወጣውን ድምጽ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ተንሸራታች) ገፋ? ሜትሩ ላይ ቀይ በራ? ዲጂታል ሚክሰር ከሆነ መደበኛው ድምጽ ከዜሮ 18 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ብሎ ይጫወታል? ይህ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ ክርክር የለውም።

ቃል ይለያል ወይስ አይለይም የሚለውንም መቁጠር ይቻላል። እኔ የምወደው መንገድ ይኸውላችሁ። አንድ ሰው ማይክ ይዞ ቃላት ያነብባል፣ ባንዱ በልኩ እየተጫወተ። ቃላቱ በአንድ ድምጽ ብቻ የሚለያዩ ጥንዶች ይሁኑ፦ መታ እና መጣ፣ ከበረ እና ቀበረ፣ ሸፈነ እና ጨፈነ። ሦስት ሰዎች የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠው የሰሙትን ይጽፋሉ። ተነባቢዎቻችን የሚለዩበት ጉልበት አብዛኛው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ ሰልጣኙ ያንን ቦታ በጊታርና በሲምባል ከደፈነው ወረቀቱ ላይ ይታያል። ሙሽራው «ከበረ» ተብሎ ሲመረቅ ከኋላ ያሉት «ቀበረ» ከሰሙ፣ የማንም ጣዕም አያድነውም።

ሦስተኛውና ዋናው ብልሽት ነው። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ማንም ሳውንድ ማን ይመስላል። ስለዚህ ከምዘናው በፊት ብልሽት ይትከሉ። አንድ የተበጠሰ ገመድ ያስገቡ፤ ፋንተም (ሚክሰሩ በማይክ ገመዱ የሚልከውን መብራት) የሚፈልገው ዲአይ (መሣሪያን ከሚክሰር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ 48 ቮልቱን ያጥፉ፤ አንድ ቻናል ሚውት አድርገው (ድምጹን ዘግተው) ይተዉ፤ የዘፋኟን ሞኒተር ከፌደር በኋላ እንዲሄድ ያድርጉት። ከዚያ ሰዓት ይያዙ። መታየት ያለበት ማግኘቱ ብቻ አይደለም፣ እንዴት እንደፈለገ ነው። ጎበዙ መንገዱን ከመሃል ይቆርጣል፦ ሜትሩ ላይ ሲግናል አለ? ካለ ችግሩ ሚክሰሩ ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው፤ ከሌለ መድረኩ ጋ ወይም ፋንተሙ ላይ ነው። ያልተዘጋጀው ገመድ እየነቀለ ይሰካል፣ ሲሠራለት ለምን እንደሠራ አያውቅም። ለሁለተኛው ሙሉ ነጥብ አይስጡ። መብራት የሚነካ ብልሽት ግን በጭራሽ አይትከሉ።

ሁለት መዛኝ ካለ ሁለታችሁም ለብቻችሁ ሙሉ፣ ከዚያ አስተያዩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁሉም ሰልጣኝ በአንድ ባንድ፣ በአንድ ዘፈን ይመዘን። አንዱ ጎበዝ ዘፋኝ፣ ሌላው ማይክ የማይዝ ዘፋኝ ከደረሰው ሰልጣኙን ሳይሆን ዕጣውን ነው የመዘናችሁት።

ጣዕም የምትሉት ነገር አንዳንዴ እውቀት ነው፤ እሱን መዝኑ። በገና የተሰጠው ሰልጣኝ የሚነዝረውን ድምጽ ብልሽት መስሎት በኢኪው ሲያሳድደው አይቻለሁ። ያ ንዝረት ከአውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነው፤ እሱን ቆርጦ ያወጣ ሰው በገናውን ነው ያወጣው። ማሲንቆም እንደዚሁ ነው። ማይኩን ወደ ደጋኑ ካስጠጋህ ፍትጊያው ይበዛል፤ ወደ ቆዳው ሳጥን ካዞርከው ዜማው ይመጣል። ከበሮ ሰፊና ጠባብ አፍ አለው፤ በአንዱ በኩል ብቻ ማይክ አድርጎ ሌላውን የረሳ፣ ግማሹን ነው ያሰማው። የምዘና ቅጾች ጊታርና ድራም ብቻ ሲጠይቁ ሳይ ይገርመኛል። ሰልጣኞቻችን ነገ የሚሠሩት ለማን ነው?

ጥያቄ፦ መማር እፈልጋለሁ። «ሴት ስፒከር አትሸከምም» እያሉ ገመድ ብቻ ያስጠቀልሉኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ባለ 15 ኢንች ስፒከር 20 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሰብውፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) የዚያ እጥፍ ይሆናል። እሱን ብቻውን የሚያነሳ ወንድም ወገቡን ይዞ ነው የሚያረጀው። ለሁለት ማንሳት ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ነው። አንቺ ሳውንድ ቼክ ሲጀመር ከሚክሰሩ አጠገብ ቁሚ፣ የቻናል ዝርዝሩን አንቺ ጻፊ። ዝርዝሩን የያዘች ልጅ ሳትጠየቅ አይሠራም፤ በዚያው ትገቢያለሽ። አሁንም ካላስጠጉሽ ሌላ ቡድን ፈልጊ፣ አሁን ብዙ አለ።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን ሚክሰር ላይ እያሰለጠንኩ ነው። እነሱ ከፍ ያደርጋሉ፣ አባቶች ጆሯቸውን ይይዛሉ። መቼ ነው ለብቻቸው ልተዋቸው የምችለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጭቅጭቁን ከሰው ወደ ቁጥር ያውርዱት። የድምጽ መለኪያ ይግዙ። እዚያው አሜሪካ የሥራ ጤንነት ተቋሙ ናዮሽ ያስቀመጠው መነሻ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ሦስት በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው ደረጃ የ15 ደቂቃ አማካዩ ከ100 እንዳያልፍ ይላል። ይህ ለክለብም የተባለ ነው። አምልኮ ላይ የግድ እዚያ መድረስ የለበትም። ልኩን ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግራችሁ ቁጥሩን ሚክሰሩ ላይ ለጥፉት። መለኪያው ግን የፊት ረድፍ ላይም ይቀመጥ፤ ሚክሰሩ ጋ ደህና የሆነው ስፒከሩ ሥር ላሉት እናቶች ደህና ላይሆን ይችላል።

አባቶች የሚያማርሩበት ድምጽ ብዙ ጊዜ ከዋናው ስፒከር አይመጣም። መዘምራኑ «ሞኒተር ጨምር» ይላሉ፣ መድረኩ ይጮኻል፣ ልጁ መድረኩን ለመብለጥ ዋናውን ይገፋል። ስለዚህ ማስቀነስ ከመድረኩ ይጀመር።

ብቻቸውን ለመተው ደረጃ ያውጡ። መጀመሪያ መድረክ ማዘጋጀት። ቀጥሎ ንግግር ብቻ ያለበት ጉባኤ፤ አንድ ማይክ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰባኪ ወዲያ ወዲህ ሲል ፌደሩን መከተል ጥሩ ትምህርት ነው። ከዚያ መዘምራን። መጨረሻ ላይ በአዘቦት ቀን ጸሎት ልጁ ይሥራ፣ እርስዎ ምእመናን መሃል ተቀምጠው እጅዎን አጣጥፈው ይስሙ። ተነሥተው ሳይሮጡ ፕሮግራሙ ካለቀ፣ እሑድን ይስጡት።

ጥያቄ፦ ሠርግ ላይ ተለማማጅ ነኝ። ሲስተሙ «ኸም» የሚል ድምጽ ሲያወጣ አለቃዬ የመሬት ሽቦውን ቁረጥና ሰካው ይለኛል። እውነትም ድምጹ ይጠፋል። ትክክል ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም። እንዳታደርገው። ድምጹ የሚጠፋው እውነት ነው፤ አብሮት ግን ሰውን የሚጠብቀው መንገድም ጠፍቷል። የጊታሩ አምፕ ቢበላሽ 220 ቮልቱ የሚሄድበት መሬት የለውም። ጊታሪስቱ በእጁ ክሩን ይዞ ከንፈሩን ማይክ ሲያስነካ መንገዱ እሱ ይሆናል።

ኸም የሚለው ብዙ ጊዜ ሚክሰሩና የመድረኩ ዕቃ ከተለያየ ቦታ መብራት ስለሚወስዱ ነው። ሁሉንም ከአንድ ምንጭ አውጣ፤ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ማራዘሚያ ከዚያው ከመድረኩ ይሳብ። ካልጠፋ ኪቦርዱን በዲአይ አስገባና ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ቁልፍ ተጫን። እሱ የሚለየው የሲግናሉን መሬት እንጂ የመብራቱን አይደለም፤ ስለዚህ አደጋ የለውም። ወደ ጄኔሬተር ሲዞርም መጀመሪያ አምፑ ይጥፋ።

አለቃህ አሁንም ቁረጥ ካለህ ያንን ገመድ ራሱ ይስካው። አንተ ሌላ አለቃ ፈልግ።