የቢዝነስ ጥናት ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው?

ውድ እህቴ፣ ደሴ ላይ የማኔጅመንት ተማሪ መሆንሽን ገልጸሽ፣ የቢዝነስ ጥናት ዘዴ ኮርስ ከመመረቂያ ጽሑፍ አልፎ ሥራ ለመያዝ ምን እንደሚጠቅምሽና ለጽሑፍሽ «የደንበኛ እርካታ» የሚለው ርዕስ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሽኛል።

ከርዕሱ ልጀምር። «የደንበኛ እርካታ» ገና የጥናት ጥያቄ አልሆነም፤ ማን ምን ለመወሰን እንደፈለገው አይናገርምና። የቢዝነስ ጥናት ማለት አንድ ነጋዴ ወይም ሥራ መሪ ሊወስን ባሰበው ጉዳይ ላይ ያለበትን ጥርጣሬ ለመቀነስ መረጃን በሥርዓት መሰብሰብና መተንተን ነው። ዕውቀትን ለማስፋት የሚደረግ መሠረታዊ ጥናትም አለ፤ ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተወሰነ ችግር የሚፈታውን ነው።

ለምሳሌ እዚያው ደሴ ፒያሳ ላይ የልብስ ሱቅ ያለው ነጋዴ ሽያጭ ስለቀነሰበት ኮምቦልቻ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ፣ ሌላ ሱቅ ሊከፍት አሰበ እንበል። የሽያጩ መቀነስ ምልክት እንጂ ችግሩ ራሱ አይደለም። የቀነሰው የገዢው ቁጥር ነው ወይስ እያንዳንዱ ገዢ የሚወስደው መጠን? መልሱ በከፊል ከመዝገቡ ይገኛል፤ ነገር ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ እጅግ ስለወረደ፣ በብር ያደገ የሚመስለው ሽያጭ በልብስ ብዛት ሲቆጠር የቀነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብሩን ብቻ ሳይሆን የተሸጠውንም ልብስ ቁጠሪ። መጠይቅ ስትበትኚም ሱቅ ውስጥ ያገኘሻቸውን ብቻ አትጠይቂ፤ መምጣት ያቆሙት እዚያ የሉም፣ ምክንያቱን የሚያውቁት ደግሞ እነርሱ ናቸው።

የኮምቦልቻው ገበያም እንዲሁ ነው። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረን የሠራተኛ ቁጥር ይዞ መገመት ያሳስታል፤ ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ጎድቶታል፣ አሜሪካም በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገቡበት ዕድል፣ ተጠቃሚነት አግዳለች። ዛሬ ስንት ሰው እንደሚሠራና ደመወዝ በወጣ ሰሞን ልብስ ከየት እንደሚገዛ በአካል ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ፦ ጥናቱ የሚፈጀው ወጪ የተሳሳተ ውሳኔ ከሚያስከትለው ኪሳራ ከበለጠ፣ አለማጥናት ይሻላል።

ሥራን በተመለከተ፣ ባንክ ብድር ጠያቂን ሲመዝን፣ ፋብሪካ አቅራቢ ሲመርጥ፣ ድርጅት አዲስ ምርት ሲያወጣ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ አንድን ችግር ከምልክቱ ለይተሽ እንዴት እንዳጠናሽ ማስረዳት ከቻልሽ፣ የትምህርት ውጤትሽ የማይናገርልሽን ያን ጊዜ ትናገሪያለሽ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ርዕስሽን ከማስገባትሽ በፊት ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ ያዢና ሁለት ሦስት ነጋዴዎችን «ዘንድሮ ልትወስኑት ያሰባችሁት፣ ግን እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ነገር ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መዝገባቸውን ለማሳየት ቢያመነቱ አትቀየሚ፤ ስማቸው እንደማይጠቀስ በጽሑፍ አረጋግጪላቸው፣ ቃልሽንም ጠብቂ። ከመልሳቸው አንዱን መርጠሽ ለአማካሪሽ አቅርቢ።