የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ባሱ በጁላይ የት ገባ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አትላንታ አካባቢ ነው። በኤፕሪልና በሜይ ሌክ ላኒየር የሚባለው ሐይቅ ዳር ቆሜ ባስ የተባለውን ዓሣ በደንብ እይዝ ነበር። ጁላይ ሲገባ ግን ያው ቦታ፣ ያው ማታለያ፣ የሚነካ የለም። ጀልባ ተውሰን 60 ጫማ ጥልቀት ላይም ሞከርን፤ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ዓሣው የት ነው ያለው?

መልስ፦ ከዳር መራቅዎ ልክ ነው፤ ስህተቱ ልክ አልፎ መውረድዎ ላይ ነው። እዚያ ጁላይ እንደ አገር ቤት ክረምት አይደለም፤ ፀሐዩ የሐይቁን የላይኛውን ውሃ ያሞቀዋል። የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀራል፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይተኛል፣ ሁለቱ አይደባለቁም። በመካከላቸው ሙቀቱ በጥቂት ጫማ ውስጥ በፍጥነት የሚወርድበት ንብርብር አለ፤ ቴርሞክላይን ይባላል። ከሱ በታች ያለው ውሃ ከአየር ጋር ስለማይገናኝ፣ ወደ ታች የሚሰምጠው ብስባሽም ኦክስጅኑን ስለሚበላው፣ ሰመሩ በገፋ ቁጥር ኦክስጅኑ እየሳሳ ይሄዳል። እንደ ስትራይፐር ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ዓሣ ጥልቁን ሊመርጥ ይችላል። ባስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከንብርብሩ በላይ መቆየትን ይመርጣል፤ የሚበላቸው ትንንሽ ዓሦችም ብዙዎቹ እዚያው ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈልጉት ዓሣውን ሳይሆን ንብርብሩን ነው። ጀልባውን ጥልቅ ቦታ ላይ ያቁሙና የሶናሩን (በድምፅ ሞገድ ከውሃው በታች ያለውን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ደካማ ምልክት የመያዝ ኃይሉን፣ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በስክሪኑ ላይ አግድም የተዘረጋ ደብዛዛ ጭጋግ ሲመጣ ጥልቀቱን ይያዙ። ሴንሲቲቪቲው ዝቅ ብሎ ከተተወ ጭጋጉ አይታይም፤ ብዙ ሰው “የለም” ብሎ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሶናር ከሌለዎት ቴርሞሜትር በክር አስረው በየ5 ጫማው እያወረዱ ይለኩ፤ ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበት ቦታ እሱ ነው።

ጭጋጉ 27 ጫማ ላይ ነው እንበል። ከ18 እስከ 26 ጫማ ያለውን ብቻ ይፈልጉ። ካርታው ላይ ይህ ጥልቀት ከታችኛው መሬት ጋር የሚገናኝባቸውን ቦታዎች ምልክት ያድርጉ፦ ወደ ሐይቁ የሚዘልቅ የመሬት ምላስ ጫፍ፣ ከውሃ በታች ያለ ጉብታ፣ የድሮው የወንዝ መሄጃ የሚታጠፍበት ዳርቻ። ላኒየር በ1950ዎቹ በቢውፎርድ ግድብ የተሞላ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ የቻታሁቺና የቼስታቲ ወንዞች መሄጃ ዛሬም ከታች አለ። አጥማጆች ያሰጠሙት የቅርንጫፍ ክምርም ብዙ ነው፤ እዚያ በብዛት ያለው ስፖትድ ባስ የሚባለው የባስ ዓይነት ደግሞ ክምር ይወዳል።

ክምር ሲያገኙ በጂፒኤስ ምልክት ያድርጉበት፣ ከዚያ 50 ጫማ ያህል ርቀው ይወርውሩ። ከላዩ እየተመላለሱ ዓሣውን አያስደንግጡ። 10 ደቂቃ ውስጥ ምንም ካልነካ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። የገለባ ባርኔጣ ለብሶ አንድ ቦታ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መቀመጥ ቆሮሶ ለሚጠብቅ እንጂ ለጁላይ ባስ አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ላኒየር ውስጥ ብሉባክ ሄሪንግ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ባሱ እሱን እያባረረ ከክምሩ በላይ እስከ ውሃው ፊት ሊወጣ ይችላል። የሚንሳፈፍ ማታለያ የታሰረበት ሁለተኛ ዘንግ አጠገብዎ ይኑር።

ጥያቄ፦ ድሮፕ ሾት (ክብደቱ ከክሩ ጫፍ፣ መንጠቆው ከሱ በላይ የሚታሰርበት አሠራር) ስሠራ መንጠቆው ወደ ታች ይንጋደዳል፤ ክሩም እንደ ገመድ ይጠማዘዛል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መንጠቆውን፣ 1 ወይም 1/0 ቁጥር፣ በፓሎማር ቋጠሮ ይሠሩና ትራፊውን ክር ከ15 እስከ 20 ኢንች ይተዉት። የመንጠቆው ሹል ጫፍ ሽቅብ እንዲያይ አድርገው ይያዙት፤ ትራፊውን ከላይ ወደ ታች እንደገና በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ። መንጠቆው ቀጥ ብሎ አግድም ይቆማል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ነው መንጠቆው የሚንጋደድበት። ክብደቱን በትራፊው ጫፍ ያስሩ፦ እስከ 20 ጫማ ላለው ጥልቀት 1/4 አውንስ፣ ከ20 እስከ 30 ጫማ ወይም ንፋስ ካለ 3/8 አውንስ።

የክሩ መጠማዘዝ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ማታለያው የላስቲክ ትል ጠማማ ሆኖ ሲሰካና በፍጥነት ሲጎተት እንደ ፕሮፔለር ስለሚሽከረከር ነው። በትሉ አፍንጫ በኩል መሃሉን ይሰኩ፣ ከመንጠቆው 18 ኢንች በላይ ትንሽ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከር ማያያዣ) ያስገቡ። 10 ፓውንድ ብሬድ (የተገመደ ክር) በሪሉ፣ ማለትም በክር መጠቅለያው ላይ፣ 8 ፓውንድ ፍሎሮካርበን (ውሃ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ክር) ከፊቱ፤ ይበቃል። ሲያንቀሳቅሱም ክብደቱን ከመሬት አያንሱ፤ የላላውን ክር ብቻ ያርገብግቡ። ሲነካ ዘንጉን በኃይል አይምዘዙ፤ ሪሉን እየጠቀለሉ ቀስ ብለው ያንሱ። ቀጭን መንጠቆ በራሱ ይገባል።

ጥያቄ፦ ከ30 ጫማ ያወጣሁትን ባስ ስለቀው በጀርባው ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ታመመ?

መልስ፦ አልታመመም፤ ግፊቱ ሲቀንስ የአየር ከረጢቱ ተነፍቶ ነው። ከ25 ጫማ በታች ከሚወጡት ላይ ይህ ይደጋገማል። ትልቁ መድኃኒት ፍጥነት ነው፦ ፎቶውን አሳጥረው ወዲያው ቢለቁት ብዙዎቹ በራሳቸው ይወርዳሉ። የማይወርደውን ክብደት ባለው ማውረጃ ከንፈሩን ይዘው ወደ መጣበት ጥልቀት መመለስ ይቻላል።

አየሩን ለማስወጣት መርፌ የሚጠቀሙም አሉ፦ 18 ቁጥር መርፌ፣ በሾህ ክንፉና በለስላሳው የጀርባ ክንፍ መካከል ካለው ስንጥቅ ወደ ፊንጢጣው የሚወርድ መስመር ያስቡ፤ የደረት ክንፉ ወደ ኋላ ሲተኛ ጫፉ ባለበት ከፍታ ላይ፣ ከቅርፊቱ ስር ይገባል። ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ አረፋ ሲወጣ ይታያል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም መርፌው ይወጣል። ያየ ሰው አጠገብዎ ሳይኖር ግን በራስዎ አይጀምሩት። በአፉ የወጣውን ሆድ ዕቃ ደግሞ በፍጹም አይውጉ፤ የአየር ከረጢቱ እሱ አይደለም።

ለመብላት ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የርዝመትና የቁጥር ገደቡን አስቀድመው ይመልከቱ። በጆርጂያ 16 ዓመት ከሞላዎትም ፈቃድ ይዘው ይውጡ።