ከአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ እስከ ስንት ሜትር መተኮስ ይገባል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ባሩድና ክብ አረር ከአፈሙዙ በሚጎርስ 0.50 ካሊበር ጠመንጃ አጋዘን ያድናል። «100 ሜትር ላይ ጣሳ መትቻለሁና አጋዘንም ከዚያው ብተኩስበት ችግር የለውም» ይላል። እኔ ቆስሎ ቢያመልጥ ግፍ ነው ብዬ ተከራከርኩት። ማናችን ልክ ነን? (ከጎንደር፣ አዘዞ)

መልስ፦ ስጋትዎ ልክ ነው። ጣሳ መምታትና አውሬን ሳያሰቃዩ መግደል ለየቅል ናቸው። 11.5 ግራም ገደማ የሚመዝነው ክብ አረር በሰከንድ 550 ሜትር ያህል ይወጣል፤ አየሩ ቶሎ ስለሚያደክመው 100 ሜትር ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 300 ይወርዳል። ጉልበቱማ ከ1,700 ጁል ወደ 500 ገደማ ያሽቆለቁላል።

ከዚህ የባሰው ነፋሱ ነው። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ አረሩን 50 ሜትር ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋዋል፤ 100 ሜትር ላይ ግን ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ደረቱ ላይ ያነጣጠረ ሰው ሆዱን ሊመታው ይችላል፤ ሆዱን የተመታ አጋዘን ደግሞ ለሰዓታት ይሰቃያል። በዚያ ላይ 50 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ 100 ሜትር ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል።

ወንድምዎ የራሱን ወሰን እንዲህ ይፈትን። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት 40 ሜትር ላይ ይስቀል። ጠመንጃውን አጽድቶ፣ ባሩዱን በመስፈሪያ ለክቶ ይጨምር፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን አረር ባሩዱ ላይ እስኪያርፍ በዘንጉ ይግፋው። መሐል ላይ ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ጠረጴዛ ሳይደገፍ፣ ለአደን እንደሚተኩሰው ተንበርክኮ አንዴ ይተኩስ። አጽድቶ፣ በርሜሉ ሲበርድ እየደገመ በድምሩ አምስት ጊዜ ይተኩስ። አምስቱም ወረቀቱ ላይ ካረፉ 10 ሜትር ይራቅ፤ አንዱ ከወጣ ግን ወሰኑ የቀድሞው ርቀት ነው። ጽዳቱ አይዘለል፤ ጥላሸቱ ቀጣዩን አረር ሌላ ቦታ ይወስደዋል፣ አጋዘኑ ላይ የሚተኮሰው ደግሞ ከንጹሕ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ነው።

ፈተናውን ቢያልፍም በእኛ እምነት ለክብ አረር 75 ሜትር ጣሪያው ይሁን፤ ነፋስ ካለ 50። ሾጣጣ ጥይት የሚጎርሱት አዳዲሶቹ ራቅ ይላሉ፤ ፈተናው ግን ያው ነው። (ይህ ሁሉ ፈቃድ ላለው አዳኝ ነው። እዚህ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ማደን ክልክል ነው፤ ዋልያ ላይ የሚፈቀድ ርቀት የለም።)

ሲተኩስ ጭሱ አውሬውን ይጋርድበታል፤ እንደገና ማጉረስም ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ከጎኑ ራቅ ብሎ የቆመ ጓደኛ አጋዘኑ የሸሸበትን አቅጣጫ ይያዝለት።