ባንኩ ወይስ ሐይቁ?

ሰላም እህቴ፣

ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ደብዳቤሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ዘንድሮ ከአራት ኪሎ በባዮሎጂ ተመርቀሻል። ልብሽ ያለው ውሃ ላይ ነው፤ ዓሣው፣ ደንገሉ፣ ቄጤማው እንዳይጠፋ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አጎትሽ ግን ባንክ ቤት ቦታ አግኝተውልሻል። አባትሽ መጀመሪያ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው ሳቁ። ቀጥለው «ለሣርና ለዓሣ ነው ያስተማርኩሽ?» አሉሽ። ነጥብሽ፣ እንግሊዝኛሽና ዋና አለመቻልሽም ያሳስቡሻል።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። ነጥብሽ ይበቃል። እንግሊዝኛሽ ሪፖርት ስትጽፊ ይሻሻላል። ዋና ግን ተማሪ፤ ጀልባ ይገለበጣል።

አሁን ወደ አባትሽ። በአክብሮት ነው የምናገረው፣ ግን ተሳስተዋል። ቅዳም ሹር ጠዋት ካህኑ ቄጤማ ይዘው ሲመጡ አባትሽ ብድግ ብለው ተቀብለው ራሳቸው ላይ ያስሩ የለም? በበዓል ዋዜማስ ፒያሳ አካባቢ በእቅፍ ከሚሸጠው ገዝተው ይገቡ የለም? ያ «ሣር» ረግረግ ይፈልጋል። ረግረጉ ሲታረስ ወይም ሲታጠር ቄጤማው ከየት ይመጣል? ዓሣውም እንደዚያው። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ የዓሣ ገበያው ግን በሁዳዴ ይደራል።

ጉዳዩ ደግሞ ከበዓልም ያለፈ ነው። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚሉት አንድ ዓይነት እንዳይመስልሽ። ተመራማሪዎች 15 ገደማ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ከእነሱ መካከል በርከት ያሉት ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ወንዙ ውስጥ፣ ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። አሥጋሪውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። መረቡን ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ይዘረጋል። እዚያ የተያዘች ዓሣ ሆዷ ሲከፈት በእንቁላል ጢም ብሎ ይገኛል። ሳትወልድ ገበያ ወጣች ማለት ነው። ስለ እምቦጭ አገር ምድሩ ያወራል፤ ከዳር ሆኖ ይታያላ! ይኼኛው ግን ከውሃው በታች ስለሆነ ማንም አያነሣውም።

ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ ዓሦች ነበሩት። ከሌላ ቦታ መጥተው የገቡ ዓሦችና መረን የለቀቀ ሥገራ ጨረሷቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ከእነሱ መካከል 15 ዝርያዎች ጨርሰው መጥፋታቸው ይፋ ሆነ። እኛ ገና ዓሦቹ አሉን። ሕግም አለን፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የጎደለው በሐምሌ ጭቃ ወንዙ ዳር ድረስ ሄዶ ከአሥጋሪው ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። አሥጋሪውም ልጆች አሉት፤ «አታሥግር» ብቻ ብለሽው ከተመለስሽ አይሰማሽም።

ገንዘቡስ? የምርምር ማዕከል ደመወዝ ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን የጀማሪ ባንክ ሠራተኛ ደመወዝስ በአዲስ አበባ ኪራይ ቤተሰብ ያኖራል? ሐቁን እንነጋገርና፣ አባትሽን ያጓጓቸው ብሩ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ባንክ ገባች» ማለቱ ነው። ለእሱ ብለሽ ሕይወትሽን አትስጪ። በየወሩ ለቤት የምትሰጪውን ቁርጥ አድርገሽ በቁጥር ንገሪያቸው። የታናናሾችሽ ወጪ የት ድረስ ያንቺ እንደሆነም አብራችሁ ወስኑ። ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው ጭቅጭቁ የማያልቀው።

«ባንኩን ለጊዜው ልያዘው» ያልሽው አልተዋጠልኝም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የሠራተኛ ብድር ትወስጃለሽ፣ ዕድገት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማን ጉማራ ይወርዳል?

ማስተርሱንም አሁኑኑ አትጀምሪ። ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስሠራ ያየሁት ነው፤ ቀድሞ መስክ የከረመ ሰው የጥናት ርዕስ ፍለጋ መምህሩን ደጅ አይጠናም። ሰበታ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ከቤትሽ በታክሲ ተሄዶ የሚገባ ነው። ባሕር ዳርና ባቱም የዓሣ ምርምር ማዕከላት አሉ። የባሕር ዳሩ መንገድ ካሳሰበሽ ከሰበታ ጀምሪ። ማስታወቂያ እስኪወጣ ቤት አትቀመጪ፤ በአካል ሄደሽ ረዳት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂ። መረብ መሳብና ዓሣ መመዘን ብቻ ቢሰጡሽም ግቢ።

ማመልከቻሽ ላይ «ተፈጥሮን እወዳለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ ሁሉም ይላል። የመመረቂያ ሥራሽን ቀበና ወንዝ ላይ እንደሠራሽና ከቀያዮቹ ትሎች በቀር ብዙም እንዳላገኘሽ ነግረሽኛል። እነዚያ ትሎች ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ የሚችሉ ናቸው። ናሙናውን እንዴት እንደወሰድሽ፣ ምን እንደቆጠርሽና ስለ ወንዙ ምን እንደነገረሽ ከላይ፣ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጪው። ቀጣሪ የሚያነበው እሱን ነው።