ዳቦ ስበላ ሆዴ ይነፋል፤ ስንዴ ልተው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዳቦ ወይም የገብስ ቆሎ ስበላ ሆዴ ይነፋል፣ ያስቀምጠኛል። ከስቻለሁ። የጤፍ እንጀራ ግን ይስማማኛል። ጎረቤቶቼ «ግሉተን ነው፣ ስንዴ ተዪ» ይሉኛል። ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና አትተዪ! ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ትንሹን አንጀት እንዲጎዳ የሚያደርግ ነው፤ የሚፈተሸውም ሰውነት በዚህ ምክንያት በሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች (ደም ውስጥ የሚገኙ የመከላከያ ፕሮቲኖች) ነው። ስንዴና ገብስ ካቆምሽ እነሱም ይቀንሳሉ፤ በሽታው እያለብሽ «ነፃ ነሽ» ልትባዪ ትችያለሽ። ምርመራው እስኪያልቅ ዳቦሽን ብዪ።

መጀመሪያ ሰገራ ተመርመሪ። ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክም ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ ያከሳል። እኔ ደጋግሜ የማየው እሱን ነው። የደም ማነስም ካለብሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሴሊያክ አንዳንዴ የሚታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ «ቲቲጂ አይጂኤ» የተባለውን የሴሊያክ የደም ምርመራ ከጠቅላላ አይጂኤ (የዚሁ አንቲቦዲ ዓይነት አጠቃላይ መጠን) ጋር እንዲያዝልሽ ጠይቂ። ጤና ጣቢያ ላይ አትጠብቂው፣ ትልቅ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ከፍ ካለ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል።

ከተረጋገጠ ስንዴና ገብስ ለዕድሜ ልክ ይቆማሉ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ጣጣው ወፍጮ ቤቱ ላይ ነው። ከአንቺ በፊት ስንዴ ከተፈጨ ዱቄቱ ከጤፍሽ ጋር ይደባለቃል። እንጀራውም ገብስ ያልገባበት መሆን አለበት። ጠላስ? ብቅሉ አብዛኛውን ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ነው፤ ለክርስትናም ቢሆን «ቅመሺ» ሲሉሽ እምቢ በይ። ጌሾው ምንም አላጠፋም።