«ድምፅ የለኝም፣ ግእዝም አላውቅም፤ በቤተ ክርስቲያን ምን ላገለግል እችላለሁ?»

ጥያቄ፦

ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አሁን ወዳለሁበት ሰፈር ከተዛወርሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። እሑድ እሑድ ልጆቼን ይዤ አስቀድሳለሁ፤ «እትዉ በሰላም» ሲባል ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በእነዚህ ዓመታት ስሜን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም የማንንም አልጠየቅሁም። ለሕንፃም ለንግሥም ገንዘብ ሲለመን እሰጣለሁ። ከዚያ በላይ ማገልገል ብመኝም ለመዝሙር ድምፅ የለኝም፣ ግእዝ አላውቅም፤ በሰበካ ጉባኤው ውስጥም አለመግባባት እንዳለ ስለምሰማ መቅረብ እፈራለሁ። ማስቀደሴና መስጠቴ አይበቃም ወይ?

ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ እኅታችን፤ ልጆችን አስነሥቶ፣ አልብሶ በማለዳ ቅዳሴ መድረስ ምን ያህል ድካም እንዳለው የሚያውቅ ሰው የእርስዎን ማስቀደስ አቅልሎ አያየውም። ነገር ግን «ይበቃል ወይ?» ላሉት መልሱ እዚያው በሚያስቀድሱት ቅዳሴ ውስጥ አለ።

የቅዳሴውን መጽሐፍ ቢገልጡ በየአንቀጹ ራስ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.» እና «ይ.ሕ.» የሚሉ ምልክቶችን ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው የካህኑን፣ ሁለተኛው የዲያቆኑን፣ ሦስተኛው የሕዝቡን ድርሻ ያመለክታል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ የሚመልሰው፣ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» የሚለው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ በቅዳሴ ጊዜ ተመልካች ሆኖ የሚቆም ምእመን በሥርዓቱ አልታሰበም፤ ዝም ያለ ሰው የራሱን ክፍል ሳይናገር ቀርቷል ማለት ነው። ድምፅ ማጉያ ከገባ ወዲህ በብዙ አጥቢያ ተሰጥኦውን፣ ማለትም ይህን የሕዝቡን መልስ፣ ጥቂት ሰዎች ለሁሉም ይመልሱታል፤ ይህ ልማድ፣ በእኛ አስተያየት፣ ምእመናንን ከጠቀማቸው ይልቅ ዝምታ ያስተማራቸው ይመስለናል። ለተሰጥኦ የዘማሪ ድምፅ አያስፈልግም። ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት መጽሐፍ ስላለ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት መልስ ከነትርጉሙ ከልጆችዎ ጋር ቢያጠኑ ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛውን ይመልሳሉ፤ ልጆቹም ሳይቀድሙዎት አይቀሩም።

ስለ ገንዘቡ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን ለዘመናት በአብዛኛው የምትተዳደረው ከመሬት በምታገኘው ገቢ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን ያ ገቢ ቀረ፤ የካህናት ደመወዝም ሆነ የሕንፃ እድሳት በምእመናን ትከሻ ላይ ወደቀ። ከዐውደ ምሕረት የሚሰማው ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ጥሪ የሆነው፣ ብዙዎቻችንም ተሳትፎ ማለት መስጠት ብቻ የመሰለን አንድም ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ያሰበው ከዚህ የሰፋ ነገር ነበር፤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ ተሰብስበው አጥቢያቸውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ነው። በአጥቢያዎ ተመዝግበው በአባልነት ይታወቃሉ? ካልሆነ ከዚያ ይጀምሩ።

አለመግባባቱን በተመለከተ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የምናነበውን ያስቡ። በየዕለቱ በሚደረገው አገልግሎት መበለቶቻችን ችላ ተባሉ የሚል ማንጐራጐር በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አላባረሩም፣ ነገሩንም አልሸፈኑም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው ሥራውን ሰጧቸው። ቅሬታው አዲስ አገልጋዮችን ወለደ። በአንድ አጥቢያ የሚነሣው ጭቅጭቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ሒሳብ ነው፤ ገቢው በወቅቱ ስላልተመዘገበ፣ ደረሰኙ ስላልተያያዘ፣ ሪፖርቱ ለምእመናን ስላልተነበበ ሰው ይጠራጠራል። እርስዎ የሒሳብ ባለሙያ ሆነው «ምን ላገለግል እችላለሁ?» ማለትዎ ትንሽ ፈገግ ሳያሰኘን አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይማከሩ፤ የድሮዎቹ በቀድሞ ሰፈርዎ ከቀሩም በአጥቢያዎ ካሉት ካህናት አንዱን ይቅረቡ። ሙያዎን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚተርፍዎ፣ ልጆችዎን ማን እንደሚይዝልዎ በግልጽ ይንገሯቸው። በአንድ ጊዜ ሦስት ኮሚቴ ውስጥ ገብተው በመንፈቁ ደክሞዎት ከመጥፋት፣ በወር አንድ ቅዳሜ የገቢ ደረሰኞችን ማመሳከር ይሻላል። የሰንበቴ ወይም የጽዋ ማኅበር መግባቱ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ስምዎን የጠየቀ አለመኖሩ የአጥቢያው ጥፋት ነው፤ እኛም ይህን ለሚያነብቡ አስተናጋጆች እናሳስባለን። እስከዚያው የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ቆይተው ሁልጊዜ አጠገብዎ የሚቆሙትን እናት ክርስትና ስማቸውን ይጠይቋቸው።